የጓሮዬን የእንጨት በረንዳ በትንሽ ብር እንዴት እንዳደስኩት

ባሕር ዳር ጓሮ ያለው ሰው ማንጎ አያጣም፤ ማንጎ ያለው ደግሞ ጥላው ሥር መቀመጫ ይፈልጋል። የእኛ ጓሮም አራት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ የእንጨት በረንዳ አለው። ከመሬት ጉልበት ያህል ከፍ ብሎ በባሕር ዛፍ ቋሚዎች ላይ የተረበረበ ነው። ቡና የሚፈላው፣ እንግዳ የሚቀመጠው፣ ልጆች የሚያጠኑት እዚያ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ግን አንዱ ጥግ ሲረገጥ መወዛወዝ ጀመረ።

የጠየቅሁት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፦ አፍርሰውና ሴራሚክ አንጥፍበት። ሴራሚክ ማለት ሙሌት ነው፣ ድንጋይ ነው፣ አሸዋና ሲሚንቶ ነው። የማንጎውም ሥር ሊነካ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! እኔ እጄ ላይ ያለው የወጣልኝ ዕቁብ ብቻ ነው፤ ከዚያ ላላልፍ ወሰንኩ።

የመጀመሪያው ሥራ ሳንቲም አላስወጣኝም። ካቻቢቴና ጠመኔ ይዤ ጣውላውን አንድ በአንድ ወጋሁት። ጫፉ እንቢ ካለ ጣውላው ደህና ነው። እንደ በሰለ ድንች ከገባ ግን አልቆለታል፣ በጠመኔ ኤክስ ይደረግበታል። ደስ ያለኝ፣ ከመሃል ያለው ሁሉ ጤነኛ ሆኖ መገኘቱ ነው። የበሰበሰው በማንጎው በኩል ያለው የጣውላዎቹ ጫፍ ነው። ቅጠሉ እዚያ ይከመራል፣ ክረምቱን ሙሉ ርሶ ይከርማል። እንጨት ደግሞ ከየትኛውም ጎኑ ይልቅ ውሃ የሚጠጣው በተቆረጠው ጫፉ ነው።

ከዚያ በደረቴ ተኝቼ ከሥሩ ገባሁ። ጉዱ እዚያ ነው። ቋሚዎቹ አፈር ውስጥ በቀጥታ ተተክለዋል። በማንጎው በኩል ባሉት ላይ እርሳስ የሚያክል የጭቃ መስመር ከመሬት ተነስቶ ጣውላውን እስከተሸከመው አግዳሚ እንጨት፣ እስከ ወራጁ ድረስ ወጥቷል። በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ነጫጭ ምስጦች ተራወጡ። ምስጥ ብርሃንና ደረቅ አየር አይችልም፤ ከአፈር ወደ እንጨት የሚወጣው በዚያ የጭቃ ዋሻ ውስጥ ተሸሽጎ ነው። ላዩን በአዲስ ጣውላ ባለብሰው ኖሮ ምስጥ መቀለብ ነበር ሥራዬ።

ስለዚህ ደብተሬ ላይ ወጪውን ሦስት ቦታ ከፈልኩት፦ ካልተሠራ የሚወድቅ፣ ቢሠራ ጥሩ የሆነ፣ ለዓይን የሚያምር። እግሩ አንደኛው ላይ ገባ። መደገፊያው ሁለተኛው ላይ፣ ቨርኒሽና መብራቱ ሦስተኛው ላይ ሄዱ። ከየአሥሩ ብር አንዷን ደግሞ ላልታሰበ ነገር ለየኋት። ሲሚንቶ ዛሬ የጠየቁት ዋጋ ነገ ላይገኝ ይችላልና።

አናጺው የሰፈራችን ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ።

«ጋሼ፣ ዋንዛ ይሻለኛል ወይስ ባሕር ዛፍ?»

«ልጄ፣ ዋንዛውን ለሳሎንህ አቆየው። ባሕር ዛፍ ግዛ፤ ግን እግሩን ከአፈር አርቅለት።»

ያሉትን አደረግን። የእኛ ሰፈር አፈር ጥቁር ነው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ የቆመበትን ሁሉ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ለእያንዳንዱ ቋሚ ስንጥቁን እስክናልፍ ቆፈርን፣ በጥቁር ድንጋይና በሲሚንቶ ሞላን፣ ከመሬት በላይም አንድ ስንዝር አወጣነው። በድንጋዩና በእንጨቱ መካከል ጠርዙ ወጣ ብሎ ወደ ታች የታጠፈ ቆርቆሮ አስገባን። ቆርቆሮው ምስጥ አይገድልም። ዋሻውን ግን በጠርዙ ዙሪያ፣ ዓይን በሚያየው ቦታ እንዲሠራ ያስገድደዋል፤ ያኔ በመጥረጊያ ማፍረስ ነው። ቆርቆሮው ከጣሪያ የተረፈ ቁራጭ ስለሆነ አልገዛሁትም። ለምስጥ ብሎ እንጨቱን የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀባ ብዙ ነው። ርካሽ መሆኑን አልክድም፤ ግን ይሸታል፣ ልብስ ያበላሻል፣ ዝናብ ሲያጥበው ደግሞ የሚወርደው ጎመኑ ላይ ነው። እኔ አልፈለግሁትም።

ትልቁ ቁጠባ የመጣው በረንዳውን በማሳጠር ነው። የበሰበሰው ጫፉ ብቻ ከሆነ አዲስ ጣውላ ምን ያደርጋል? ሁሉንም በማንጎው በኩል ግማሽ ሜትር ቆረጥናቸው፣ ገለበጥናቸውና መልሰን አሰርናቸው። ለዓመታት ወደ መሬት የዞረው ፊት ፀሐይ ስላላየ አዲስ ነው የሚመስለው። አራት ሜትር የነበረው ሦስት ተኩል ሆነ። የተቆረጠውን ጫፍ ሁሉ ከቤት የተረፈ የዘይት ቀለም ቀባነው። በጣውላና በጣውላ መካከል ደግሞ ወፍራም ሚስማር እየሰካን ክፍተት ጠበቅን፤ ውሃው ይውረድበት።

አዲስ የገባው ቋሚውና ወራጁ ነው። እሱንም በጥቅምት ገዝቼ ነው ያቆየሁት። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማል። በየመሃሉ ቁርጥራጭ እንጨት እያስገባን ጥላ ውስጥ ደረደርነው፣ ከላዩም ድንጋይ ጫንበት። ግንባታው ከገና በኋላ ተጀመረ። እዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም በዝናብ ውስጥ እንጨት ልሥራ ማለት አጉል ድካም ነው።

በእጅ ዋጋው ላይ አንድ ምክር አለኝ። ማፍረሱን በቀን፣ መሥራቱን በቁርጥ ተዋዋሉ። ማፍረስ በቁርጥ ከሆነ ሠራተኛው ይቸኩላል፣ በመዶሻ ይለዋል፣ የሚተርፈው ጣውላ ይሰነጠቃል። ቀብዱም ትንሽ ይሁን፤ ቀሪው ሥራው በታየ ቁጥር ይከፈላል። ላዩን በቪቴ አሳሰርኩት። ከሚስማር ይወደዳል፤ ግን ነገ አንድ ጣውላ ቢያስቸግር እሱን ብቻ ፈትቶ መቀየር ነው። ከሥር ላለው ሚስማር በቂ ነው።

እናቴ «ጠበበ» ብላለች። እውነቷን ነው፤ ረከቦቱና ምድጃው ሲቀርቡ አንድ ሰው ደረጃው ላይ ይቀመጣል። መደገፊያው ገና ነው። ከአዊ በሚመጣ ቀርከሃ ላሠራው አስቤያለሁ። እሷ ግን መጀመሪያ አግዳሚ ወንበር ይሠራ ባይ ናት፤ ከተቆረጡት ጫፎች ደህና ደህናውን እየመረጠች ግድግዳው ሥር አስቀምጣለች።