ጠዋት የቀዳሁት ደም

ሀዋሳ ውስጥ ቲቢ ላይ በሚሰራ አንድ ጥናት ላብ ቴክኒሺያን ሆኜ ስሰራ ያጋጠመኝ ነው። ነጭ የደም ሴሎች ባክቴሪያውን ሲዋጉ የትኞቹን ጂኖች እንደሚያበሩ ነበር የምናየው፣ የቲቢ በሽተኛ ደም ውስጥ የኢንተርፌሮን (ሰውነት ጀርም ሲገባበት የሚያወጣው የመከላከያ መልእክት) ጂኖች ጎልተው እንደሚታዩ በ2010 እ.ኤ.አ. ከታተመ ወዲህ ብዙ ሰው የገባበት ስራ ነው፣ አክታ ማውጣት ለማይችሉ ህጻናት ቲቢን በደም ለመለየት ሲታሰብ ደግሞ እኔ በጣም ተስፋ የማደርግበት።

ደሙ የሚቀዳው ፓክስጂን በሚባል ቲዩብ ነው፣ 2.5 ሚሊ ሊትር ትቀዳና ከ8 እስከ 10 ጊዜ ገልበጥ ገልበጥ ስታደርገው የትኛው ጂን እንደበራ የሚያሳየው አርኤንኤ ባለበት ይቆማል። የዛን ቀን ቲዩቡ አለቀብን፣ ከአዲስ አበባ ከሰዓት ይደርሳል ተባለ። በሽተኞቹ ከገጠር ሌሊት ተነስተው የመጡ ናቸው፣ ተመለሱ ለማለት አንጀቴ አልቻለም፣ ስለዚህ የ4 ሰው ደም አርኤንኤውን በማያቆመው በተለመደው ባለ ሐምራዊ ክዳን ቲዩብ ቀድቼ ጠረጴዛ ላይ አቆየሁትና 9 ሰዓት ላይ ፓክስጂኑ ሲመጣ አዛወርኩት። ፎርሙ ላይ የተቀዳበት ሰዓት የሚለው ጋ 9 ሰዓት ብዬ ሞላሁ።

ከ5 ወር በኋላ ዳታውን የሚሰራው ልጅ ደወለ። "የነዚህ 4 ሰዎች ፎስ፣ ጁን፣ ኢንተርሉኪን 8 የሚባሉት ጂኖች ከሌላው ሁሉ ለብቻው ከፍ ብሏል፣ ቲቢው ነው ወይስ የሆነ ነገር አለ?"

ክው አልኩ። ደም እኮ ቲዩብ ገባ ብሎ አይሞትም፣ ሴሎቹ ከሰውነት መውጣታቸው ራሱ ጭንቀት ሆኖባቸው ጂን ሲያበሩ ሲያጠፉ ይውላሉ፣ እኛ ደግሞ ይሄንን የቲቢ ምላሽ ነው ብለን ልንጽፈው ነበር። ትንሽ ዝም አልኩና ሁሉንም ነገርኩት፣ የ4ቱም ውጤት ከጥናቱ ወጣ። ድጋሚ እንዳንቀዳ ሰዎቹ መድሃኒት ጀምረዋል፣ በ2 ሳምንት ውስጥ እንኳ የጂኑ ምልክት መቀነስ ይጀምራል፣ ያ ከመድሃኒት በፊት የነበረ ደም ዳግም አይገኝም።

ከ4ቱ አንዱ አባት 6 ወራቸውን ጨርሰው ለመጨረሻው ቀጠሮ መጡ። "አባባ፣ መጀመሪያ የሰጡኝ ደም በኔ ስህተት ተበላሽቷል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኳቸው።

"ሌሊት ነበር እኮ የተነሳሁት" አሉና ዝም አሉ። ቆይተው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። "በይ ቅጂ ልጄ።"

በፓክስጂኑ ቀዳሁ፣ ፊታቸው 10 ጊዜ ገለበጥኩት፣ ፎርሙ ላይ ጠዋት 3 ሰዓት ከ12 ብዬ ጻፍኩ።