ልጄ አፉን እንዲፈታ እኔ አፌን ዘጋሁ

ለፍላፊ ነኝ። ሐዋሳ አቶቴ ሰፈር ያለችው የልብስ ስፌት ቤቴ ደንበኞችም፣ አማቴም፣ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂዎችም ይመሰክራሉ። ሱሪ ለማሳጠር የመጣ ሰው የሳምንቱን ውሎዬን ሰምቶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሁለተኛው ልጄ ሦስት ዓመት ሞልቶት ከሃያ የማይበልጡ ቃላት ብቻ ሲኖሩት መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን ሳይሆን ግራ መጋባት ነበር። ቀኑን ሙሉ በዚህ ሁሉ ወሬ መካከል እየዋለ እንዴት ትንሽ እንኳን አይጋባበትም?

ምክር አልጎደለኝም። "ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው" ያላለኝ ሰው የለም። "አባቱም በአራት ዓመቱ ነው የተናገረ" አሉኝ። አንዲት ጎረቤት ከምላሱ ሥር ያለችውን ክር ማስቆረጥ እንዳለብኝ ነገረችኝ። አንድ የጤና ባለሙያም ገና ሁለት ዓመት ከሦስት ወር እያለ "ጠብቂ፣ ይናገራል" ብሎ መለሰኝ፤ ስምንት ወር ጠበቅሁ። ያ ስምንት ወር ዛሬም ያንገበግበኛል። ልጅ ሁለት ዓመት ሲሞላው ሁለት ቃላትን አያይዞ እንደ "ውሃ ስጪኝ" ያለ ነገር ማለት ካልጀመረ መታየት አለበት፤ በቅድሚያ የሚታየው ደግሞ ጆሮው ነው። የእኔ ልጅ ከጆሮው ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ተገኘ። ጉንፋን በያዘው ቁጥር ዓለምን የሚሰማው ጭንቅላቱን ውሃ ውስጥ እንደነከረ ሰው ነበር ማለት ነው። በክትትል ተሻለው፤ ያመለጠው ግን ያመለጠ ነበርና ወደ ንግግርና ቋንቋ ሕክምና ባለሙያ ተላክን።

ባለሙያዋ ያለችው አዲስ አበባ ነው። ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በየሳምንቱ የሚሞከር አይደለም፤ በወር አንድ ጊዜ ተስማማን። በመጀመሪያው ቀን ምንጣፍ ላይ አስቀምጣን አብረን ስንጫወት ዝም ብላ ተመለከተችን፣ ወረቀት ላይ ሰረዝ እየሰረዘች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሰረዞቹን ቆጠረችና "አርባ ሦስት ጥያቄ ጠየቁት፤ አንዱን እንኳን እስኪመልስ አልጠበቁትም" አለችኝ። ፊቴ ጋለ። "ይህ ምንድን ነው? ቀለሙስ? ማን ሰጠህ? ለእማዬ አትነግራትም?" ስል የነበረው ለካ ጨዋታ ሳይሆን ምርመራ ነበር። የቤት ሥራዬ እንዲህ ሆነ፦ ፊቱ ዝቅ ብዬ እቀመጣለሁ፣ እሱ የሚያየውን ነገር በአንድ ቃል እጠራለሁ፣ ከዚያ በልቤ እስከ አሥር እቆጥራለሁ።

ይህን ሳልሞክር ግን ወደ ስልኬ ዞርኩ። ለልጆች ንግግር የሚጠቅሙ የውጭ አገር የዕረፍት ጊዜ ጨዋታዎችን አገኘሁና ሃያ ገጽ አሳተምሁ። የባሕር ዳርቻ፣ የአሸዋ ቤተ መንግሥት፣ አይስክሬም፣ የፀሐይ መነጽር። ልጄ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ወደ ድመቷ ሄደ። ምን ይበል? እነሱ ዘንድ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ፀሐይ ይወጣል፤ እኛ ዘንድ ሲዘጋ ሰማይ ይቀደዳል። ሐይቅ አለን፣ ነገር ግን በሐምሌ ዳርቻው ቄጠማና ጭቃ ነው። ሃያውን ገጽ ገልብጬ የሕፃን ቀሚስ ንድፍ ቆረጥሁበት፤ ወረቀቱ ጥሩ ነበር።

ከዚያ ዝናቡ ራሱ አስተማረኝ። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሰው ያውቀዋል፤ ከባድ ዝናብ ሲወርድ እኔን የመሰለ ለፍላፊ እንኳን አይሰማም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ተቀምጠን፣ ዝናቡ ሲያባራ ከአሸንዳው ሥር ባስቀመጥሁት ሳፋ ላይ ጠብታ መውደቅ ጀመረ። "ጠብ" አልሁ። ዝም አልሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሰባት ላይ ስደርስ ልፈነዳ ነበር። ምንም አላለም። በማግሥቱም እንደዚያው። አማቴ ከውስጥ "አንቺ ልጅ፣ ከማን ጋር ነው ጠቡ?" አሉኝ። በአምስተኛው ቀን ጣቱን ወደ ሳፋው ቀስሮ "ተብ!" አለ።

"ተብ" እንጂ "ጠብ" አይደለም። ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጰ ጉሮሮን ዘግቶ አየሩን አፍኖ በድንገት መልቀቅ የሚጠይቁ ድምፆች ናቸው። የድሮው እኔ ብሆን "አይደለም፣ ጠብ በል! ጠ! ጠ!" እያልሁ አፉን መልሼ አዘጋው ነበር። ባለሙያዋ ግን መመለስ እንጂ ማረም የለም ብላኛለች። ስለዚህ "ጠብ አለ!" አልሁና ዝም አልሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከዚህ ክረምት ካገኘሁት ሁሉ የምወደው ይህንን ነው። አማርኛ ለአፍ ፈቺ ልጅ የተሠራ ቋንቋ ይመስላል። ጠብ አለ፣ ዘጭ አለ፣ እፍ አለ፣ ብቅ አለ፣ ቡልቅ አለ፣ ዝም አለ። አንዲት አጭር ድምፅ ብቻዋን ትቆማለች፣ "አለ" የምትባለው ደግሞ ከኋላ መጥታ ግስ ታደርጋታለች። ልጁ ጭቃ ላይ ወድቆ "ዘጭ" ካለ ግማሹን ሠርቷል፤ እኔ "ዘጭ አለ" ብዬ ቀሪውን አቀብለዋለሁ። የሕፃን ንግግር አይደለም፣ አዋቂም እንደዚሁ ነው የሚናገረው። ስንት ዓመት ስለፈልፍበት የኖርሁትን ቋንቋ በዚህ ዓይን አይቼው አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ሐምሌን በሙሉ በእነዚህ ቃላት አሳለፍን። ደጃፋችን ያለው ቦይ ሲሞላ የወረቀት ጀልባ እንሠራለን፤ ጀልባውን ውሃው አፍ ላይ ይዤ "አንድ፣ ሁለት..." እላለሁ እንጂ አልለቀውም። የሚለቀው የእሱ "ሂድ!" ነው። ታላቅ እህቱ መጀመሪያ ላይ እየቀደመች "ሂድ" ትልበት ነበር፤ እሷን ዝም ማሰኘት ራሴን ዝም ከማሰኘት ይከብድ ነበር፣ በእኔ ወጥታ። በኋላ ጀልባ ሠሪነት ሾምናትና ተረጋጋች። ቦት ጫማውን ሲፈልግ ሆን ብዬ የእኔን ሰጠሁት። በባዶ ኩባያ ሻይ አቀረብሁለት። ጭካኔ ይመስላል፤ ግን የምናገለግለው አራት አዋቂዎች ገና ሳያስበው ሁሉን እያቀረብንለት መናገር ለምን ያስፈልገዋል? ኩባያውን ገልብጦ አየና "የለም" አለ። አዲስ ቃል ነበር።

በቆሎ እሸት የክረምቱ ንጉሥ ነው። መንገድ ዳር ከሚጠብሱት ሴቶች ገዝተን "ትልቁን ወይስ ትንሹን?" እለዋለሁ፣ ሁለቱንም ወደ ዓይኔ አስጠግቼ፣ አፌን እንዲያይ። በቆሎው ሲያቃጥል ደግሞ "እፍ"። አንዳንድ ሰው ፊኛ ማስነፋትና ፉጨት ማስፎጨት አፍን ያጠነክራል፣ ንግግርን ያመጣል ይላል፤ እኔም ፊኛ ገዝቼ ነበር። ባለሙያዋ ሳቀች። ጉንጭ ማጠንከር ንግግር አያስተምርም፤ "እፍ" የሚጠቅመው ቃል ስለሆነና ትኩስ በቆሎ ፊት ለፊት ትርጉም ስላለው ነው አለችኝ።

ስልክን በአጭሩ ልለፈው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ስክሪን፣ ቢያንስ ደግሞ የተሻለ ይላል። እኛ ቤት ስንት ሰዓት እንደነበር አልናገርም።

አማቴ ለልጁ የሚያወሩት በሲዳምኛ ነው። አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት "ቋንቋ ደባልቃችሁበት ነው" ስትለኝ አምኜ ሁለት ወር ሙሉ አማቴን በአማርኛ ብቻ እንዲያናግሩት ለምኛቸዋለሁ። ሴትዮዋ በገዛ ቤታቸው እንግዳ ሆኑ፣ ልጁም የሚተርትለት ሰው አጣ። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን እንደማያዘገይ፣ ቃላቱም ከሁለቱም ቋንቋዎች ተደምረው እንደሚቆጠሩ የሰማሁት በኋላ ነው። ያን ቀን ማታ የደንበኞቼን ልኬት የምጽፍበትን ደብተር ከኋላ ከፍቼ እንደገና ቆጠርሁ። ልጄ ውሃ ሲጠማው "ዋ" ይላል፤ እኔ የተሰበረ "ውሃ" ነው ብዬ ሳልቆጥረው ቀርቻለሁ። አማቴን ብጠይቃቸው ሳቁብኝ። በሲዳምኛ ውሃ "ዋ" ነው። ልጁ ሙሉ ቃል እየተናገረ ነበር፣ የማላውቀው እኔ ነበርሁ። እንዲህ እያልን ሃያው ሠላሳ አንድ ሆነ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ "ተረቱን ልጀምርለት?" ብቻ አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ እንሄዳለን። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶና አምባዛ እያወጡ ሲያርዱ፣ አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች እንደ ገበያ ሽማግሌ እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣመሩ መስለው ከበው ይቆማሉ። መላጣ ራስ፣ ጉሮሮው ላይ የተንጠለጠለ ከረጢት፣ የልጁን ቁመት የሚያስንቅ ቁመት። ልጄ ለእነሱ የሚሰጠው ትኩረት ለእኔ ሰጥቶ አያውቅም። "ኮዳ" ይላል፤ እኔ "ኮዳ መጣ" እላለሁ፤ አንድ ሲሰጠኝ ሁለት፣ ከዚያ በላይ አይፈቀድልኝም። "አባ ኮዳው ከሐይቁ ዳር እየመጣልህ ነው አይደል የኔ ጌታ?" ማለት ምላሴ ላይ ደርሶ ስንቴ እንደዋጥሁት! ከሐምሌ መጨረሻ ቅዳሜዎች በአንዱ አጥማጁ የዓሣ አንጀት ወረወረ፣ አንዱ አባ ኮዳ በአየር ላይ ቀለበ፣ ልጄም እጄን ጎትቶ "ኮዳ ዋጠ!" አለ። ባለቤትና ግስ፣ በቅደም ተከተላቸው። አጥማጁ ለምን እንደማለቅስ አልገባውም፤ አንድ ቆሮሶ በነፃ ጨመረልኝ።

ቡሄ ደግሞ ነሐሴ 13 መጣ። የሰፈሩ ልጆች ዱላቸውን እየወቀጡ በየቤቱ ሲዞሩ መሪው ያወጣል፣ ሌሎቹ "ሆ" ብለው ይቀበላሉ። አንድ ድምፅ፣ መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚታወቅ፣ ሃምሳ ጊዜ የሚደጋገም፣ በመጨረሻውም ሙልሙል ያለበት። የትኛዋ ባለሙያ ከዚህ የተሻለ ታዘጋጃለች? ልጆቹን ለመንኋቸውና ልጄን ከትንሽ ዱላው ጋር ከሰልፉ መጨረሻ አስገቡት። "ሆ"ው ከሁሉም ግማሽ ምት ይዘገይ ነበር፤ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ የእሱ ብቻውን ይሰማል። ባለቤቶቹ እየሳቁ ለእሱ ለብቻው ሙልሙል ጨመሩለት። በሦስተኛው ቤት ዘግይቶ መግባት እንደሚያስገኝ የገባው ይመስለኛል።

አሁን ጳጉሜን ነው። ዝናቡ እየሳሳ ነው፤ ገና ብዙ ይቀረናል፣ በሚቀጥለው ወር እንደገና አዲስ አበባ እንሄዳለን። ትናንት ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ተቀምጠን አሸንዳው ጠብ ጠብ ይላል፤ እኔ ስለ አንዲት ዕዳዋን ስላልከፈለች ደንበኛ ለአማቴ እያወራሁ ራሴን ረሳሁ። ልጄ ተነሥቶ መጣና ጭቃ የነካው መዳፉን አፌ ላይ ለጠፈው። "እማ፣ ዝም በይ" አለኝ። ጆሮውን ወደ ሳፋው አዘነበለ።

"በል" አላለም፣ "በይ" ነው ያለው። ለሴት እንደሚባለው። እጄን ጠርጌ ደብተሩን ከኋላ ከፈትሁና ቁጥር 214 ብዬ ጻፍሁ።