ለሥራ አዲስ አበባ ለመምጣት ለሚያስቡ

ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ስመጣ ሥራ ነበረኝ፤ በተማርኩት የሂሳብ ሙያ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ይሁን እንጂ የባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች፣ ትልልቆቹ የኦዲት ድርጅቶችና ዓለም አቀፍ ተቋማት በአብዛኛው የሚገኙት አዲስ አበባ በመሆኑ፣ በዚህ ሙያ ማደግ የሚፈልግ ሰው ውሎ አድሮ ወደዚህ ማማተሩ አይቀርም። አሁን ከዩኒቨርሲቲ የሚመረቁ ታናናሾቼ ደውለው የሚጠይቁኝ ስለ ደመወዝ ነው፤ እኔ ደግሞ አስቀድሜ የምጠይቃቸው የት ለመኖር እንዳሰቡ ነው።

በቅጥር ማስታወቂያ ላይ የሚወጣው ደመወዝ ያልተጣራ ነው። ከእሱ ላይ የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይቆረጣል፤ አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶም ወደ ጡረታ ፈንድ ስለሚገባ ለወር ወጪ አይውልም። በቤተሰብ ቤት ለኖረ ወጣት አዲስ የሚሆንበት ግን የቤት ኪራዩ ነው።

ደላላው መጀመሪያ ያሳየኝ ቤት ከዋናው ቤት ጀርባ የተሠራ ሰርቪስ ክፍል ነበር። የመብራት ቆጣሪው የጋራ ነው፤ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣም ቢጫ ጀሪካኖች በየተከራዩ ተራ ቧንቧው ሥር ተደርድረዋል። አከራይዋ ደግ እናት ነበሩ፤ «ልጄ፣ እንግዳ የሚበዛብህ ከሆነ ከአሁኑ ንገረኝ፣ በኋላ እንዳንቀያየም» አሉኝ። ሌላ ቦታ ያገኘኋቸው አከራይ ግን የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ጠየቁኝ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉም በጽሑፍ ተደርጎ እንዲመዘገብና ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ከክልል የሚመጣ ሰው ይህን ባለማወቁ ያጠራቀመውን ገንዘብ በአንድ ቀን አስረክቦ ደመወዝ እስኪደርስ ሲቸገር ማየት ያሳዝነኛል። ስለዚህ ውሉ ሳይመዘገብ ገንዘብ አትክፈሉ።

በመጨረሻ አያት አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ቤት ተጋራሁ። መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ ነው፤ አያትን የመረጥኩትም በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከዚያ ተነስቶ በመገናኛና በሜክሲኮ ስለሚያልፍ ነው። ባቡሩ የዘገየ ዕለት በታክሲ መገናኛ ወርዶ ሌላ ሰልፍ መያዝ የግድ ይሆናል፤ ሰዓቱም ሆነ የትራንስፖርት ወጪው በእጥፍ ይጨምራል። ኪራዩ ረክሶ መንገዱ የሚርቅ ቤት ሁልጊዜ ርካሽ ነው ማለት አይቻልም፤ ኪራይና ትራንስፖርት አንድ ላይ ተደምረው ነው መታየት ያለባቸው።

ከመነሳታችሁ በፊት ከቀበሌያችሁ መሸኛ ማውጣትም አትርሱ። አዲስ በሚገቡበት ወረዳ ነዋሪ ሆኖ ለመመዝገብ ያስፈልጋል፤ ለእሱ ብሎ ተመልሶ ደሴ መሄድ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ ረጅም መንገድ መጓዝ ነው።

ሁሉም ሙያ ደግሞ አዲስ አበባን አይጠይቅም። በጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና የተመረቀች የአክስቴ ልጅ በቅርቡ ስታማክረኝ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ያለበት ኮምቦልቻ ከቤቷ ብዙም እንደማይርቅ አስታውሼ መጀመሪያ እዚያ እንድታመለክት ነገርኳት። ደመወዙ ከአዲስ አበባው ቢያንስም፣ ኪራይ ሳትከፍል ከእናቷ ጋር እየኖረች ልምድ ብታገኝ በወር መጨረሻ የሚተርፋት ገንዘብ ሊበልጥ ይችላል።