የካሸሯ ሁለት ማንኪያ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ፍሮዘን ዮገርት (እንደ አይስክሬም የቀዘቀዘ እርጎ) ቤት ስሠራ የሆነ ነው። ቤቱ ደንበኛው ራሱ የሚቀዳበት ዓይነት ነው። ዮገርቱን ከማሽኑ ትቀዳለህ፣ ቶፒንጉን፣ ማለትም ኦቾሎኒ፣ ፍራፍሬ፣ ክሬም የመሳሰለውን፣ ከላይ ትጨምራለህ፣ ከዚያ ካሸሯ ጋ ሄደህ ሚዛን ላይ ታስቀምጣለህ። ሒሳቡ በአውንስ ነው፤ አንድ አውንስ ማለት 28 ግራም ገደማ።

ካሸራችን በዕድሜ ስለሚበልጡን እትዬ እንላቸዋለን። ሐኪም ክብደት ቀንሺ ካላቸው ጀምሮ ዳይት ላይ ናቸው። ቀልድ አያውቁም፤ የበሉትን ሁሉ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ፈረቃቸው ሲያልቅ ግን ትንሽ ጣፋጭ አይቀርም። “ቶፒንግ ሁለት ማንኪያ” ብለው ይመዘግባሉ። ክሬም አያስጠጉም። ረቡዕና አርብ ደግሞ ወተት ስለማይነካ ሶርቤ (ወተት የሌለው የቀዘቀዘ የፍራፍሬ ጣፋጭ) ላይ የኦቾሎኒ ቅቤ ያደርጋሉ። “የጾም ነው፣ ምን አለበት?” ይላሉ። ክብደታቸው ግን ንቅንቅ አላለም።

አንድ ቀን ገበያው ቀዝቀዝ ሲል፣ “እትዬ፣ የሰውን ሲመዝኑ ይውላሉ፤ የራስዎን ለምን አይመዝኑም?” አልኳቸው።

“ልከፍልበት ነው እንዴ?” ብለው ሳቁ።

ጓዳ ያለውን የግራም ሚዛን አመጣሁ። ባዶ ኩባያ አስቀምጬ ሚዛኑን ዜሮ አደረግኩና “እንደ ሁልጊዜው ይጨምሩ” አልኳቸው። ሁለት ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ ጨመሩ። 58 ግራም። የዕቃው ጀርባ ላይ የተጻፈው ሁለት የሾርባ ማንኪያ 32 ግራም፣ 190 ካሎሪ ነው። የእሳቸው ወደ 340 ካሎሪ ይጠጋል ማለት ነው። አላጭበረበሩም፣ ማንኪያው ሁለት ነው። ግን የኦቾሎኒ ቅቤ ማንኪያ ላይ ይቆለላል፣ ከሥርም ይለጠፋል።

ቀጥሎ የሚሸሹትን ክሬም ሞከርን፣ ያንን ከጣሳ በጋዝ የሚወጣውን። ሁለት ማንኪያው 5 ግራም፣ 15 ካሎሪ ብቻ። አብዛኛው አየር ነዋ! እትዬ ጣሳውን አገላብጠው አነበቡ። ከዚያ ዝም ብለው አዩኝ፤ የስንት ወር ክሬም እንደቀረባቸው እያሰቡ መሰለኝ። (ስኳር የለውም ማለቴ አይደለም። ግን ጣሳውን ፈርቶ የኦቾሎኒውን ዕቃ ማመን ሒሳቡ አይገጥምም።) አልሞንድም ያው ነው፤ 28 ግራሙ 160 ካሎሪ ገደማ አለው፣ እፍኝ ደግሞ ከዚያ በቀላሉ ያልፋል።

ለሚጣበቅ ነገር ቀላሉ ዘዴ ዕቃውን ራሱን መመዘን ነው። ሙሉውን ዕቃ ሚዛን ላይ ታስቀምጣለህ፣ ዜሮ ታደርጋለህ፣ ከዚያ ትቀዳለህ። ከዜሮ በታች የሚያሳይህ ቁጥር የወሰድከው ነው። ማንኪያውን ከላስክ እሱም ተቆጥሯል። እትዬ ይቺኛዋን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ።

“ቤት ያለው ማርስ?” አሉ።

“አንድ የሾርባ ማንኪያ 21 ግራም፣ 64 ካሎሪ አካባቢ ነው። የስኳሩ ማንኪያ 50 ካሎሪ ቢሆን ነው።”

“ማር ይሻላል ያለኝን ሰውዬ ባገኘው!”

አርብ ዕለት 32 ግራሙን መዝነው ሲያዩት “ይሄ ለቅምሻ ነው?” አሉ። በኋላ ግን እሱንም በግማሽ ቀንሰው ኩባያውን በእንጆሪ ሞሉት። አሁን ደብተራቸው ላይ የሚጽፉት በግራም ነው። ክሬሙም ከጾም ቀን ውጭ ተፈቅዶለታል።