የዲናው መንግሥቱ ልብ ወለዶችና ሐያስያኑ

ዛሬ የዕረፍት ቀኔን ያሳለፍሁት የዲናው መንግሥቱን የመጀመሪያ ልብ ወለድ እንደገና በማንበብና ስለ ደራሲው የተጻፉ ሂሶችን በማገላበጥ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ በሕፃንነቱ ወደ አሜሪካ የተሻገረው ይህ ደራሲ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በዚሁ ሥራው የእንግሊዙን ጋዜጣ የጋርዲያንን የመጀመሪያ መጽሐፍ ሽልማት አግኝቷል፤ በ2012 ደግሞ የአሜሪካው ማክአርተር ፋውንዴሽን ተሸላሚ ሆኗል። ምስጋናው የሚገባው ነው። ቅር ያሰኘኝ፣ ካነበብኋቸው ሂሶች ብዙዎቹ መጽሐፉን ከሁሉ አስቀድመው የስደተኛ ምስክርነት አድርገው መውሰዳቸው ነው።

እርግጥ ባለታሪኩ ሴፋ እስጢፋኖስ ከደርግ ዘመን ሽብር የሸሸ ሰው ነው፤ ከኮንጎው ጆሴፍና ከኬንያው ኬኔት ጋር የአፍሪካን መፈንቅለ መንግሥቶች እየጠሩ የሚጫወቱት ጨዋታም ልብ ይሰብራል። ነገር ግን በዋሽንግተኑ የሎጋን ሰርክል ሰፈር ባለጸጎች ሲገቡና ቤቶች ሲታደሱ፣ የኖሩበትን ቤት እንዲለቁ የሚገደዱ ድሆች ቁጣም የመጽሐፉ የጀርባ አጥንት ስለሆነ፣ እኔ የማነበው እንደ አሜሪካ ከተማ ልብ ወለድ ጭምር ነው።

ምስክርነት የሚለው ንባብ ይበልጥ የሚያንሰው ለ2010ሩ ሁለተኛ ልብ ወለድ ነው። እዚያ ተራኪው ዮናስ የአባቱን የስደት ጉዞ ለተማሪዎቹ የሚተርከው በአብዛኛው ከራሱ እየፈጠረ ነው። ይህ ፈጠራ፣ አባቱ ያልነገረውን ለመሙላት የሚያደርገው ጥረት፣ ለእኔ የደራሲው ታላቅ ጥበብ ነው። በ2024 በታተመው ሥራ ውስጥ የጋዜጠኛው የማሙሽ ትረካም በዚሁ ዐይን ቢመረመር እወዳለሁ።