19 ቀን በጋቢ ውስጥ

ባለቤቴ ወገቤን አመመኝ ያለችው እሑድ ማታ ነበር። ቀኑን ልብስ ስታጥብ ውላለችና «ድካም ነው» አልኳት። ሆዷ እንደ ድንጋይ ይጠነክርና ይለቃል፤ ብዙም ስላላመማት ሁለታችንም ምጥ አልመሰለንም። ገና 32ኛ ሳምንቷ ነበር። ሌሊቱን ቤት ማደራችን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ምጥ ያለ ጊዜው ሲመጣ የፅንሱን ሳንባ የሚያዘጋጅ ዴክሳሜታዞን የሚባል መርፌ በ12 ሰዓት ልዩነት አራት ጊዜ ይሰጣል። እኛ ሁለቱን ብቻ አገኘን፤ ሦስተኛው ሳይደርስ ልጃችን ደረሰች። 1,450 ግራም።

እሷ ሙቀት ክፍል ገባች። ቤታችን አራስ አለች፣ ገንፎ አለ፣ ሕፃን የለም። ጠያቂው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይልና ዓይኑ አልጋውን ይፈትሻል። ከሁላችንም ብልህ የነበሩት አማቴ ናቸው፤ እንግዳውን በር ላይ ተቀብለው «ልጅቷ ደህና ናት፣ እናቷን ስለ እሷ አትጠይቋት» ብለው ያስገባሉ። አንዲት ጎረቤት ግን «የሰባት ወር ከሆነች ታድጋለች፤ የሚያስፈራው የስምንት ነው» አሉ። ማህፀን ውስጥ የቆየችበት እያንዳንዱ ሳምንት ይጠቅማታል ብዬ ልከራከር ነበር። ሰባት ወር ተኩሏን ከየትኛው እንደሚመድቡት ስላላወቅሁ ተውኩት።

በየሦስት ሰዓቱ የታለበ የእናቷ ወተት 5 ሚሊ ሊትር ብቻ በቀጭን ቱቦ ይሰጣት ነበር። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን፣ ከእርግዝናው ሲቆጠር እስከ 34ኛው ሳምንት አካባቢ፣ መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስን ማቀናጀት ያስቸግራቸዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ክብደቷ ወደ 1,340 ሲወርድ ባለቤቴ ወተቴ አልበቃት አለ ብላ አለቀሰች። የመጀመሪያዎቹ ቀናት መቀነስ የሚጠበቅ መሆኑን ቀድሞ የነገረን አልነበረም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ያን ሁሉ እንባ ባስቀረ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ሲስተሯ ወደ እኔ ዞር ብላ «አባቷ፣ ሸሚዝዎን ይክፈቱ» አለችኝ። እናቷን የምትጠራ መስሎኝ ወደ ኋላዬ አየሁ። ሕፃንን በወላጅ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አስጠግቶ ማሞቅ የካንጋሮ እንክብካቤ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ ማሞቂያ ሲያጥር የተጀመረ ነው። ሕፃኗን በዳይፐርና በኮፍያ ብቻ ደረቴ ላይ አስተኝታ በነጠላ አሰረችልኝ፤ ላዩን ጋቢዬን ደረብኩ። ቀን እናቷ፣ ማታ እኔ። ወንድ በመሆኔ የሚስቁ ነበሩ፤ በአራተኛው ቀን ከጎኔ ሌላ አባት ተቀመጠ።

የረዳኝ አንድ ደብተር ነው፦ ክብደት፣ ወተት፣ ሐኪሙ ያለው። ለዘመድ የምንነግረውም ማታ አንድ ጊዜ፣ በእህቴ ስልክ ብቻ ሆነ። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ባደርገው ኖሮ ብዙ እንቅልፍ ባተርፍ ነበር።

1,820 ግራም ሆና ወጣች። በ80 ቀኗ ክርስትና ተነሣች። በዚያው ሳምንት ሐኪሙ መወለድ ከነበረባት ቀን ቆጥሮ የሦስት ሳምንት ልጅ አላት። አማቴ ሰምተው «ታዲያ የበላሁት የማን ገንፎ ነው?» አሉ።