እልልታዬን መለሰችልኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ይህን የምጽፈው ስለቴን ለማድረስ ነው። «አንቺ ድረሽልኝ እንጂ ተአምርሽን እመሰክራለሁ» ብዬ ለእመቤቴ ተስዬ ነበር።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ዓምና ለሰኔ 21 በዓል ጉዝጓዝ የማመጣው እኔ ነበርኩ። ቄጠማ እዚህ ከየት ይመጣል? ከቤታችን ጀርባ ካለው ጫካ ዳር ረጅም ሣር አለ፤ እሱን አጨድኩ። በቀሚስና በነጠላ ጫማ ነበርኩ። አጋዘኖች ማታ ማታ የሚያድሩበት ቦታ ነው። ሣሩን ታቅፌ ስመለስ ሽታው አገሬን አስታውሶኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሆኖት ከጉልበቴ ጀርባ ቆዳዬ ጠቆረ። እኔ ለማየት ስለማይመቸኝ ልጄ በስልኬ ፎቶ አንስታ አሳየችኝ። መዳፍ የሚያህል ክብ ነው፤ የበለዘ ይመስላል። አያምም፣ አያሳክክም። የሆነ ነገር መትቶኝ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ትንሽ ትኩሳትና ድካምም ነበረኝ፤ የሥራ ነው አልኩ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ቡናዬን ፉት ስል በአፌ ጥግ ፈሶ ደረቴ ላይ ወረደ። መስታወት ሳይ የግራ ፊቴ ወርዷል። ዓይኔ አልከደን አለ። ድንገተኛ ክፍል ሮጥን። ስትሮክ አለመሆኑን አይተው «ቫይረስ ሊሆን ይችላል፣ በራሱ ይመለሳል» ብለው ኪኒን ሰጥተው ሸኙኝ። ጫካ ገብተሽ ነበር ወይ ያለኝ የለም። እናቴ ከአገር ቤት በቪዲዮ ስታየኝ ጮኸች። «መጋኛ ነው የመታሽ ልጄ! ጠበል ጠጪ!» እኛ ዘንድ ፊት ሲጣመም ስሙ ይኸው ነው። ጠበሉንም ጠጣሁ።

ፍልሰታ ገባ። ማታ ማታ ዓይኔን በፕላስተር እየለጠፍኩ ነው የምተኛው። ግን ከሁሉም የባሰብኝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ዝማሬው ሞቆ ሴቶቹ እልል ሲሉ እኔም አፌን ከፈትኩ። ከንፈሬ አልታዘዝ አለኝ፤ ድምፄ በጎን አመለጠ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ሥዕሏ ሥር ተንበረከክሁ። «እመቤቴ፣ ሌላው ይቅር። ምን እንደነካኝ ብቻ አሳዪኝ» አልኳት። ሌላ ቃል አልነበረኝም።

ከቅዳሴ በኋላ ስንወጣ ነርስ የሆነች አንዲት የማኅበራችን እህት አጠገቤ መጣች። ከሰላምታ ውጪ ብዙም አንነጋገርም ነበር። ፊቴን አየችና «ሰኔ ላይ ጫካ ወይ ሣር ውስጥ ገብተሽ ነበር?» አለችኝ። ጉዝጓዙን ነገርኳት። «ሰውነትሽ ላይ የወጣ ነገርስ?» ፎቶው ትዝ አለኝ። ስልኬን ስትቀበል እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። «እህቴ፣ ይሄ መዥገር ነው። ነገ ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን።»

እኔ የማውቀው መዥገር ላም ጡት ሥር ተጣብቆ፣ ደም ጠጥቶ እንደ ጉሎ ፍሬ የሚያብጠውን ነው። እዚህ በሽታውን በብዛት የሚያስተላልፈው ገና ያላደገው መዥገር ግን የጤፍ ፍሬ ቢያህል ነው። ሲነክስ አያምም፣ ስለዚህ ቀን ሙሉ ተጣብቆ ቢውል አታውቁትም። በሽታው «ላይም» (Lyme) ይባላል፤ ስሙ በ1970ዎቹ ብዙ ልጆች ጉልበታቸው እያበጠ ከታመሙባት የኮነቲከት ከተማ የመጣ ነው። ካልታከመ ነርቭ፣ ልብና መገጣጠሚያ ውስጥ ይገባል። እዚህ ጋ እህቶቼ በደንብ ስሙኝ፦ በየፖስተሩ ላይ ያለው ቀይ ቀለበት የነጭ ሰው ቆዳ ላይ የሚታየው ነው። የእኛ ቆዳ ላይ ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ ብሎ ልክ የበለዘ ቆዳ ሊመስል ይችላል። እኔን ያታለለኝ እሱ ነው።

የደም ምርመራው እንዳለችው ሆነ። ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ በቀን ሁለቴ ለ21 ቀን ታዘዘልኝ፣ ከምግብ ጋር። ጾሙ አስጨንቆኝ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። «ልጄ፣ ሐኪሙንም የሰጠሽ እሱ ነው፣ በልተሽ ዋጪ» አሉኝ። ከወተት ጋር አትውሰጂው ተብዬ ነበር፤ ያ እንኳን በፍልሰታ አላስቸገረኝም።

አንዳንዱ «ያዳነሽ እኮ መድኃኒቱ ነው» ይለኛል። አዎ፣ መድኃኒቱ ነው። ግን በዚያች ሰዓት ያንን ጥያቄ ማን አስጠየቃት? ፎቶውስ ከስልኬ ሳይጠፋ ማን አቆየው?

አሁን ልጆቹ ከሜዳ ሲገቡ ልብሳቸውን 10 ደቂቃ በሞቀ ማድረቂያ አስገባለሁ። ከዚያ ብብታቸውን፣ ከጆሯቸው ኋላ፣ ከጉልበታቸው ጀርባ እዳስሳለሁ። መዥገር ተጣብቆ ካገኛችሁ ቅቤና ጋዝ አትቀቡት፣ እሳትም አታስጠጉት። በቀጭን ወረንጦ ወደ ቆዳው አስጠግታችሁ ያዙትና ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ቦታውን ታጠቡት፣ ቀኑን ጻፉት። ቀጣዮቹን ሳምንታት ትኩሳት ወይም ቆዳ ላይ ለውጥ ከመጣ «መዥገር ነክሶኝ ነበር» ብላችሁ እናንተው ለሐኪሙ ንገሩት።

መድኃኒቱን በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ቅንድቤ ነቃ አለ። ቀስ በቀስ ዓይኔ መከደን ጀመረ። መስከረም 16 ደመራው ሲለኮስ ያቺ ነርስ ከጎኔ ቆማ ነበር። ዞር ብላ አየችኝ። ሁለቱም ከንፈሮቼ ገጠሙልኝ፤ እልል አልኩ።